የማኅሌቱ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና (1814–1898 ዓ.ም.)

አለቃ ገብረ ሐና ሲባል የብዙዎቻችን ፊት በፈገግታ ይፈታል። በሠርግ ቤት፣ በጽዋ ማኅበር፣ በረጅም መንገድ ላይ የሚነገሩት ጨዋታዎቻቸው ስማቸውን ከ100 ዓመት በላይ አዝልቀውታል። በዚህ ጽሑፍ ግን ከጨዋታዎቹ አንዱም አይነሣም። አንባቢ ከአዘጋጁ የበለጠ ያውቃቸዋል። ከዚህም ሌላ በስማቸው ከሚነገሩት መካከል የትኛው በእርግጥ የእርሳቸው እንደሆነ፣ የትኛውስ ከእርሳቸው በኋላ ተፈጥሮ እንደተለጠፈባቸው ለይቶ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው።

እዚህ የሚነገረው ሌላው ሥራቸው ነው። በጥምቀት ዕለት በአይከል፣ በጎንደር፣ በደብረ ታቦር ወይም በአዲስ አበባ አደባባይ ቆሞ የደብተሮችን ሽብሸባ የተመለከተ ሰው፣ መቋሚያው ከፍና ዝቅ ሲል፣ ሰውነትም እንደ ማዕበል ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብል አስተውሎ ይሆናል። ዛሬ በብዙ አድባራት የሚታየው ይህ አኳኋን የተክሌ አቋቋም ይባላል። መነሻው የአለቃ ገብረ ሐና ሐሳብ እንደሆነ በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። በሳቅ ከሚያስታውሳቸው ሕዝብ መካከል ግን የቆመበት ሽብሸባ የእርሳቸው መሆኑን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ሥፍራ በ1814 ዓ.ም. እንደተወለዱ ይነገራል። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ከብት የሚበዛበት፣ በሐይቁ ዳር ደንገልና ቄጠማ የሚበቅልበት አገር። ይህን ማስታወስ ለኋላው ታሪክ ይጠቅማል። የዘመኑ ልጅ እንደሚያደርገው ፊደልና ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቅኔን ፍለጋ ወደ ጎጃም ተሻገሩ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር አቀኑ።

ጎንደር በዚያን ጊዜ የመንግሥትነት ኃይሏ የደከመ ከተማ ነበረች። ነገሥታቱ በስም ይነግሡ ነበር እንጂ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር በተቀመጡት የየጁ መሳፍንት እጅ ነበር። የትምህርት ዙፋኗ ግን ገና አልተነካም። ከጭልጋ፣ ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከላስታና ከሸዋ ሳይቀር ተማሪዎች ደበሏቸውን ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው ይጎርፉባት ነበር። ዛሬ ከአይከል ጎንደር በተሽከርካሪ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያኔ ለተማሪው መንገዱ የእግር ነበር፤ ስንቁም በየደጃፉ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የሚያገኘው ቁራሽ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት የሆነው የትምህርቱ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርት በአንድ ቦታ ተጀምሮ በአንድ ቦታ አይፈጸምም። ድጓን የተማረ በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን የተማረ በዙር አባ፣ ቅዳሴን የተማረ በሰለልኩላ ያስመሰክራል። የአቋቋም ማስመስከሪያ ደግሞ ጎንደር በአታ ለማርያም ናት። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንደሚጠየቀው ሁሉ፣ የበአታን ምስክር ያላገኘ የአቋቋም መምህር በየደብሩ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይከብደው ነበር። ሥርዓቱ ጥብቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት ማኅሌት እንዴት እንደሚቆም ማየት ይበቃል። በበዓል ዋዜማ ምሽት ሊቃውንቱ በቅኔ ማኅሌት ውስጥ በቀኝና በግራ ተከፍለው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ይቆማሉ። ቀኝ ጌታው የቀኙን ወገን፣ ግራ ጌታው የግራውን ወገን ይጠብቃሉ፤ ከሁሉ በላይ መሪጌታው አለ። መሪው ቃሉን ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል። አስቀድሞ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ይህ ቁም ይባላል። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከዚያ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው በዝግታ ይመረገዳል። ከመረግዱ በኋላ ምቱ እየፈጠነ ወደ ጽፋት ይሸጋገራል። በመጨረሻ ወረቡ ሲመጣ ከውጭ የቆመው ምእመን በጭብጨባና በእልልታ ይገባበታል። ግእዙን የማታውቀው እናት እንኳ ምቱን ስለምታውቅ ከጉባኤው አትለይም። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ፤ የጾመ ድጓው ዜማ በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ ይመራል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን፣ ከየአገሩ በመጡ ሰዎች ነው። የጭልጋው ደብተራ ከጋይንቱ አጠገብ ይቆማል። ምናልባት ከዚያ ቀን በፊት አይተዋወቁም። መቋሚያው ግን በአንድ ጊዜ መነሣት፣ በአንድ ጊዜም መውረድ አለበት። ማስመስከሪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ድጓው በብራና ተጽፎ፣ በምልክት ታስሮ ይገኛል። የእግሩና የእጁ አኳኋን ግን ከመምህሩ አካል ወደ ተማሪው አካል ነው የሚሸጋገረው። መምህሩ ከሞተና ተማሪው ከተበተነ ከየትኛውም ብራና ተመልሶ አይገኝም።

አለቃ ገብረ ሐና በዚህች በአታ ተምረው፣ ገና በወጣትነታቸው የደብሯ አለቃ ለመሆን በቁ። ዕድሜያቸው 26 ብቻ እንደነበር ይነገራል። በፍትሐ ነገሥት ዐዋቂነታቸውም በዳኝነት ጉዳይ ይጠየቁ ነበር። በዚያ ዕድሜ የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነ ደብር ላይ አለቃ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ከእርሳቸው በዕድሜ እጥፍ የሆኑ መምህራን በሥራቸው ነበሩ። በአንደበታቸው ስለት ከሰው የሚጋጩት ከዚሁ ዘመን ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

የካቲት 1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በስሜን ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነገሡ። የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ ሆነ፤ ለካህናቱ ግን አዲስ ፈተና መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ለሠራዊታቸው ደመወዝና ቀለብ ፈልገው ዓይናቸውን በቤተ ክርስቲያን ርስት ላይ ጣሉ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት እንደሚበቁ ወስነው፣ ከዚያ የተረፈው ሰውና መሬት ለመንግሥት እንዲውል አዘዙ። ይህን ውሳኔ የታሪክ ጸሐፍት አብዝተው የሚመለከቱት ከመሬት ይዞታ አንጻር ነው። ከማኅሌት አንጻር ሲታይ ግን ሌላ ትርጉም አለው። 5 ሰው ለቅዳሴ ይበቃል። ለማኅሌት ግን አይበቃም። ቀኝና ግራ ተከፍሎ የሚቆመው ደብተራ፣ ድጓ ሲቀጽል ያደረው መምህር፣ ደጅ የሚጠናው ተማሪ ከቁጥሩ ውጭ ነው የሚቀረው። ሥርዓተ መንግሥቱን ለማጠናከር የታሰበው እርምጃ፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብበት፣ የሕዝብ ዝማሬን የሚመሩትን ሰዎች እንጀራ የሚያሳጣ ነበር። በካህናቱና በንጉሠ ነገሥቱ መካከል የገባው ቂም ከዚህ በኋላ አልበረደም።

አለቃም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር አልተስማሙም። በቃል ታሪክ የሚነገረው ምክንያት በአንደበታቸው የሰነዘሩት ነቀፌታ ንጉሡን ማስቆጣቱ ነው። ያም ሆነ ይህ ጎንደርን ለቀው ወደ ጣና ገዳማት ሄዱ፤ በሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳም እንደተቀመጡም ይነገራል። በእርሳቸው የስደት ዘመን ውስጥ፣ በ1859 ዓ.ም.፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጎንደርን ዘርፎ አቃጠላት። ከተማዪቱ ታቦርባቸው የነበሩት አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ በእሳት ተጎዱ።

የአቋቋሙ ታሪክ የሚጀምረው በዚህ የደሴት ዘመን ነው። አለቃ በሐይቁ ዳር ተቀምጠው ማዕበሉ ወደ ዳር ሲገፋና ሲመለስ፣ ደንገሉና ቄጠማው ከነፋሱ ጋር ጎንበስ ቀና ሲል ይመለከቱ ነበር ይባላል። ይህንን እንቅስቃሴ ወደ መቋሚያው አመጡት። ሰው ሆኖ በፎገራ ውኃ ዳር ላደገ ይህ እይታ እንግዳ አልነበረም። የያሬድ ዜማና ቃሉ እንዳለ ነው፤ አልተነካም። የተለወጠው ዜማውን አካል የሚሸከምበት መንገድ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ክብደቱ በመቋሚያው አወራረድ ላይ ነበር። በአዲሱ ግን ወገቡም፣ ትከሻውም፣ እግሩም አብረው ይሄዳሉ፤ ሽብሸባው ሳይቆራረጥ አንዱ ከአንዱ ይያያዛል።

ይህን ይዘው ወደ ጎንደር በአታ ሲመለሱ ግን አልተሳካላቸውም። የበአታ ሊቃውንት አዲሱን አቋቋም አልቀበል አሉ። በጎንደር አስቀድሞም ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉ ሁለት ስልቶች ነበሩ። በዚያ ላይ ሦስተኛ ለመጨመር የሚፈቅድ አልነበረም፤ አለቃቸው የነበሩ ሰው ያመጡት ቢሆንም እንኳ።

ታሪኩ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ ሊቃውንቱ እንደ ምቀኛ ወይም እንደ ግትር ይሣላሉ። በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት ይህ ፍርድ ተገቢ አይደለም። አገሪቱ ከጦርነት ወደ ጦርነት ስትሸጋገር፣ ርስታቸው ሲወሰድ፣ ደብራቸው ሲቃጠል የነበሩ ሰዎች ናቸው። በእጃቸው የቀረው የማይቃጠል ነገር ቢኖር ልኩን የጠበቀ አቋቋም ነበር። የልክ ጠባቂ ሆኖ የተሾመ ተቋም የመጣለትን አዲስ ነገር ሁሉ ቢቀበል፣ ከጭልጋና ከላስታ የመጡት ሁለቱ ደብተሮች በአንድ ሌሊት አብረው መቆም ባልቻሉ ነበር። አለቃም ቢሆኑ ይህን የማይረዱ አልነበሩም፤ ለበርካታ ዓመታት ያንኑ ልክ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸውና። እምቢ ባዮቹም እምቢ የተባሉትም የተማሩት በአንድ ጉባኤ ቤት ነበር።

አለቃ ግን ሐሳባቸውን አልጣሉትም። ደብር ባይቀበለው ቤት ይቀበለዋል ብለው ይመስላል፣ አቋቋሙን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ስልቱ የአባቱን ትቶ የልጁን ስም የያዘው በዚህ የተነሣ ነው። አለቃ ተክሌ ከጎንደር ወጣ ብለው በደብረ ታቦር ወንበር ዘረጉ። ደብረ ታቦር ኢየሱስ ከዚያ ወዲህ የተክሌ አቋቋም ማስመስከሪያ ሆነ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። አንድ አገር፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ የዜማ መጽሐፍ፣ ሁለት ማስመስከሪያዎች እንዲህ ተገኙ።

አለቃ ገብረ ሐና በኋለኛው ዕድሜያቸው በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት የሚታወቁ፣ የሚፈሩና የሚወደዱ ሰው ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ የጎንደርን ትምህርት የሚያውቁ፣ ቅኔና ዜማ ለይተው የሚሰሙ እመቤት ስለነበሩ ለእንዲህ ያለ ሊቅ ቦታ አላጡለትም። አብዛኛው ጨዋታ የሚነገረው ከዚህ ዘመን ነው፤ ስለዚህም በዚሁ ማለፍ ይሻላል።

እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ጎንደር ሌላ እሳት አየች። ጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስት ሠራዊት ከመተማ በኩል ገብቶ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር በደምቢያ ሳር ውኃ ላይ ድል ካደረገ በኋላ ከተማዪቱን ወረረ። ከቀደመው ቃጠሎ የተረፉትና የታደሱት አድባራት ዳግመኛ ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙውም ተማረከ። ከደብረ ብርሃን ሥላሴ በቀር ሳይነካ የቀረ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት ወደቁ። ዛሬ በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የሚሄደው የአስፋልት መንገድ ያንን ዘመን ያሳለፈ አገር አቋርጦ ነው የሚያልፈው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማኅሌቱ በጎንደር አልተቋረጠም። ሕንፃው ፈርሶ፣ ድጓው ተቃጥሎ፣ መምህሩ ተሰዶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከየገጠሩ የተሰበሰቡ ደብተሮች ቀኝና ግራ ሆነው ቆሙ። መቋሚያው በአንድ ጊዜ ተነሣ፣ በአንድ ጊዜ ወረደ። ይህ የሆነው የበአታ ሊቃውንት ልኩን አጥብቀው ስለያዙና ያስመሰከሯቸው ተማሪዎች በየአገሩ ተበትነው ስለነበሩ ነው። በሌላ በኩል በደብረ ታቦር የተቀመጠው የተክሌ ስልት ሌላ ጎተራ ሆነ። በጎንደር ላይ የደረሰው ለደብረ ታቦር ባይተርፍም እንኳ፣ እህሉን በአንድ ጎተራ ብቻ ካስቀመጠ ገበሬ ይልቅ በሁለት ያስቀመጠው ይሻለዋል። ይህን ሲከራከሩ የነበሩት ሁለቱ ወገኖች አስበውት እንደሆነ የሚያመለክት ነገር የለም።

አለቃ በመጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። በ1898 ዓ.ም. በዚያው በናበጋ ጊዮርጊስ እንዳረፉና እንደተቀበሩ ይነገራል። 84 ዓመት ሞልቷቸው ነበር ማለት ነው። ልጃቸው ከሞታቸው በኋላ አቋቋሙን ማስተማሩን ቀጠሉ። ከደብረ ታቦር የተመረቁት መሪጌቶች በየአውራጃው ሲሠማሩ ስልቱም አብሯቸው ሄደ፤ አዲስ አበባ ገባ፤ ኢትዮጵያውያን ምእመናን አብያተ ክርስቲያናት በተከሉባቸው የውጭ አገሮችም ዛሬ ይሰማል።

የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው በዓሉ በሙሉ ነው፤ ታቦቱ፣ ጥምቀተ ባሕሩ፣ የሕዝቡ አለባበስና ጨዋታ፣ የሊቃውንቱ ወረብ ጭምር። የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ብቻ አይጠበቅም። የሚጠብቀው የሚሠራው ሰው ነው። በአቋቋም ረገድ ደግሞ የሚሠራው ሰው ለዓመታት ቤቱን ትቶ ከመምህር እግር ሥር የሚቀመጥ ወጣት ነው። የዚህ ወጣት ቁጥር የበዛ አለመሆኑን በየጉባኤ ቤቱ ያሉ መምህራን አዘውትረው ያነሡታል። የገጠር ቤተሰብ ልጁን ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት መላኩ የሚነቀፍ አይደለም። የቆሎ ተማሪነትም እንደ ዱሮው በሰው ደጃፍ ብቻ የሚዘለቅ አይደለም።

ሁለቱን ስልቶች በምንጫቸው መስማት ለሚፈልጉ ዜጎች ቀኖቹ የታወቁ ናቸው። በጎንደር በአታ ለማርያም ዓመታዊው በዓል ታኅሣሥ 3 ቀን ይከበራል፤ ማኅሌቱ የሚቆመው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው። በደብረ ታቦር ኢየሱስ ደግሞ የቡሄ በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በጎንደር በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ታቦታቱ ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ወርደው እዚያው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ጥር 11 ቀን ማለዳ ጸበሉ ከተረጨ በኋላ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ የየደብሩ ሊቃውንት በየታቦታቸው ፊት ይሸበሽባሉ። ከአይከልና ከአካባቢው የሚመጡ ምእመናን በዋዜማው ጠዋት ቢነሡ ለምሽቱ ማኅሌት ይደርሳሉ። ሌሊቱ በደጋው ብርድ ስለሆነ ጋቢ መያዝ ያስፈልጋል።